አንድ የአካባቢው ሰው

ሥርጉት ወፍ የማየት ጉዞውን ማቀድ የጀመረችው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነበር። ቡሬ ካምፓስ ሥነ ሕይወት ታስተምራለች። ወፍ ማየት መጀመሪያ ለጥናት ብላ የገባችበት ነገር ነው፤ እያደር ግን ልቧን ወሰደውና ቅዳሜ ቅዳሜ ባይኖኩላሯን አንገቷ ላይ ሳታንጠለጥል ከዋለች ቀኑ ቀን አይመስላትም። ዶክተር ዓለምብርሃንን ያወቀቻቸውም በዚሁ ሰበብ፣ በቴሌግራም የወፍ ወዳጆች ቡድን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪምና መምህር ናቸው። ወፍ ፍለጋ ያልዞሩበት አገር የለም፤ የሐበሻ ግንደ ቆርቁር የሚባለው ግን እስከዚያን ጊዜ ድረስ ዓይናቸው አርፎበት አያውቅም። ጀርባው አረንጓዴ ላይ ወርቅ የፈሰሰበት የሚመስል፣ የወንዱ ማጅራት ቀይ የሆነ፣ ዝምተኛና ከሰው የሚሸሽ ወፍ ነው። ቢገኝም የሚገኘው አሮጌ ዛፍ በበዛበት፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደን ባለ ቦታ ነው።

«እኛ አገር አለ» ብላ ጻፈችላቸው አንድ ቀን።

እውነቷን ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጉንድል ሚካኤል የሚባል ደብር አለ። ዙሪያውን ዝግባና ወይራ ከቦታል። ባለፈው ፋሲካ እዚያ ሄዳ ሳለ ወፉን ለጥቅሻ ያህል አይታዋለች። ያልጻፈችላቸው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ከደኑ አጥር ሥር ያለው ባለ ቆርቆሮ ቤት የወላጆቿ ቤት ነው።

ለመዋሸት አስባ አልነበረም። ትምህርቷን ፍኖተ ሰላም አክስቷ ቤት ሆና ስለተማረች፣ ካምፓስ ስትቀጠር «አገርሽ የት ነው?» ሲሏት «ፍኖተ ሰላም» አለች፤ ነገሩም እንደዚያው ቀረ። የከተማ ልጅ አድርገው ያዟት፤ እሷም አላስተካከለችም። ቀስ በቀስ ገጠሯ እንደ ተደበቀ ዕቃ ሆነባት፤ ባትጠላውም ለማውጣት የሚመች ጊዜ ታጣለት።

የጉዞውን ፕሮግራም አሳምራ ነው ያዘጋጀችው። በጠዋት ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ረፋዱን በደኑ ውስጥ፣ ምሳ ቡሬ ሆቴል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ረግረጉ ላይ ለምግብ የሚያርፉትን ትልልቅ ወፎች ማየት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚኒባስ ሾፌሮች ጠየቀች። የደብሩን አስተዳዳሪ በስልክ አስፈቀደች። መሪው ማን እንደሆነ የሚገለጽበት ቦታ ላይ ስትደርስ «አባቴ» ብላ ጻፈች፤ መልሳ አጠፋችው። የልጅ ነገር መሰላት። በምትኩ «አንድ የአካባቢው ሰው» አለችና ላከችው።

አባቷ አቶ ገነነ ገበሬ ናቸው። የደኑን ጥበቃ ደግሞ ሰበካ ጉባኤው በአደራ ሰጥቷቸዋል። ደወለችላቸው።

«አባዬ፣ ያ ግንድ የሚቆረቁረው ወፍ አሁንም ይሰማል?»

«ወፉን እንኳ እኔ አላውቀውም። ኳኳታ ግን እሰማለሁ። እሱ ይሁን ሌላ ይሁን እንጃ።»

«ቅዳሜ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ደኑን ያሳዩልኛል?»

«ምን ከፋኝ! ምሳም እኛው ቤት ነዋ።»

ሥርጉት ሆቴሉ ትዝ አላት። «እንግዲህ እንደ ሰዓቱ ነው» አለች።

«እንደ ሰዓቱ ማለት ምንድን ነው? ሰው አይራብም?» አሉና ስልኩን ለሚስታቸው ሰጡ።

እናቷ ወይዘሮ ንግሥቴ ጤንነቷን እንኳ ሳይጠይቁ «በርበሬ ይችላሉ?» አሏት።

ሥርጉት ሳቀች። «ይችላሉ፣ እማዬ።»

ይህን ማለቷ እሺ ማለቷ እንደሆነ የገባት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እዚያ ስደርስ አንድ መላ እፈጥራለሁ ብላ ተወችው።

ቅዳሜ ዕለት ዶክተሩ መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ከፍኖተ ሰላም ወጡ። አጠገባቸው ያምሮት ተቀምጣለች፤ ፎቶ አንሺ ናት፣ የቀድሞ ተማሪያቸው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ሊደርስ ዘንበል ዘንበል ብሏል፤ የኑጉ አበባ ማሳውን ቢጫ አድርጎታል። ዶክተሩ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ስለ ወፉ ያወራሉ። ሥርጉት ከኋላ ተቀምጣ በልቧ ትለማመዳለች። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ የሚመሩን ሰው አባቴ ናቸው።» ቀላል ነበር። መኪናው ከአስፋልቱ ሲወርድ እላለሁ አለች። ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታይ እላለሁ አለች። ታየ።

አቶ ገነነ ከደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ቆመው ይጠብቋቸዋል። የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ነጠላቸው ታጥቦ ፀሐይ የነካው ነው፤ ጫማቸው ግን ያው የሥራ ኮንጎ ነው። መኪናው ሲቆም ፊታቸው ፈካ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኋላው በር፣ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ሲሉ ዶክተሩ ቀድመው ወርደው ጨበጧቸው።

«እንደምን አደሩ! መሪያችን እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ሥርጉት ጽፋልናለች፤ አንድ የአካባቢው ሰው ይመራናል ብላ።»

ሥርጉት ከመኪናው ወርዳለች። በሩን እንደያዘች ቀረች። አባቷ በዶክተሩ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩዋት። ያ እይታ ረጅም አልነበረም። የምትናገርበት ጊዜ ግን ነበራት፤ አፏንም ከፍታ ነበር። ቀጥሎ ያደረገችው ጎንበስ ብሎ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ ማንሣት ነው።

«ስምዎን ማን ልበል?» አሉ ዶክተሩ።

አቶ ገነነ ትንሽ ዘገዩ። ሥርጉት ቦርሳዋ ላይ እንዳጎነበሰች ጠበቀች። ዶክተሩ የአባቷን ስም ያውቃሉ፤ በቴሌግራም ሥርጉት ገነነ ነው የምትባለው። አሁን ሁሉም ነገር ራሱ ይወጣል ብላ አሰበች፤ ቀለል ሊላትም ነበር።

«ገብረ ኢየሱስ» አሉ አባቷ።

የክርስትና ስማቸው ነው። በቅዳሴ ጊዜ ካህናቱ የሚጠሩበት ነው እንጂ ሌላው አገሩ ገነነ ነው የሚላቸው። አልዋሹም። ሥርጉት ግን አባቷ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ነገር እንደተረዱ፣ ተረድተውም እንደሸፈኑላት አወቀች። ደም ፊቷ ላይ ወጣ። አቶ ገነነ ወደ እሷ መጥተው ኮፍያቸውን አነሡ፤ እንደ እንግዳ እጅ ነሡና «እንደምን አደሩ፣ መምህርት» አሏት። አንቺ ብለው ያሳደጓትን ልጅ እርስዎ አሏት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ደኑ ውስጥ ገቡ። አቶ ገነነ የዶክተሩን ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አድርገው ከፊት ይሄዳሉ። ወፉ ይሰማል ብለው ወደሚያስቡበት ወሰዷቸው፤ ብዙ ቆሙ፤ ምንም አልነበረም። ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ እዚያ የተሰማው ኳኳታ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሲጋጭ ሆኖ ተገኘ። አቶ ገነነ በጣም አፈሩ። «እኔ እንጃ፣ ጌታዬ፣ እዚህ የነበረ መስሎኝ ነበር» ይላሉ ደጋግመው። ዶክተሩ «ምንም አይደለም፣ ወፍ ነው፣ ቀጠሮ አያከብርም» እያሉ ያጽናኗቸዋል። ያምሮት ገና ከመጀመሪያው «አባባ» ነው የምትላቸው። «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሣሩ ያዳልጣል። አባባ፣ ውሃ ልስጥዎት?» ሰው ሽማግሌን የሚጠራበት የተለመደ ጥሪ ነው። አባባ ማለት ያልቻለችው ሥርጉት ነበረች፤ ብትጠራቸው ድምፅዋ የሚያጋልጣት ስለመሰላት ቀኑን ሙሉ በምንም ስም ሳትጠራቸው ዋለች።

መካከል ላይ ትንሽ ወንዝ አለ። አቶ ገነነ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሻገሩ የኮንጎ ጫማቸው አዳለጣቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። ቴሌስኮፑ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ዳሩ ላይ ተጋደመ። ሁሉም ሮጡ። ዶክተሩ ወደ ቴሌስኮፑ ሮጡ፤ ዕቃቸው ነውና አይፈረድባቸውም። ያምሮት ወደ ሽማግሌው ሮጠች። ሥርጉትም ሮጠች፤ ደርሳ ያነሣችው ግን ቴሌስኮፑን ነበር። መስታወቱን በሻርፗ ስትጠርግ ነው እጇ የያዘውን ነገር ያየችው። ቀና ስትል ያምሮት የአባቷን ክንድ ይዛ እያነሣቻቸው ነው፤ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ደም ይታያል።

«ተሰበረ?» አሉ አቶ ገነነ ወደ ሥርጉት ዞረው።

«ምንም አልሆነም» አለች።

«ተመስገን» አሉና ጉልበታቸውን በውሃ አርሰው ተነሡ። «ይለፉ፣ መምህርት፤ ይሄኛውን ድንጋይ ይርገጡ፤ አይነቃነቅም።»

ወፉን ያገኙት ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቀው ነው። ደክሟቸው ከአንድ አሮጌ ወይራ ሥር ሲቀመጡ፣ ዶክተሩ ውሃ ሊጠጡ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አዩት። ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ጠርሙሱ ከእጃቸው ወድቆ ውሃው ሲፈስ እንኳ አላወቁም። ያምሮት ፎቶውን አነሣች፤ ወፉ ቅርፊቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሲበርር የጀርባው ቀለም በፀሐይ ላይ አንድ ጊዜ አበራ። የዶክተሩ ዓይን እንባ ሞላ። የሥርጉትን ግንባር ሳሙ፤ የአቶ ገነነንም እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሥርጉት ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታው ነበር! አሁን ግን ወፉም ደስታውም የሌላ ሰው ሆነባት፤ እሷ ዓይኗ የተቀደደው ሱሪ ላይ ነበር።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ዶክተሩ ከኋላ ወንበር ሁለት እሽግ ብስኩት አውጥተው ለአቶ ገነነ ሰጧቸው። «ይህን ለልጆችዎ ያድርሱልኝ።»

አቶ ገነነ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እግዜር ይስጥልኝ። ያለችኝስ አንዲት ልጅ ናት። እሷም አድጋለች፤ እጄ አይደርስባትም።»

«ትደግ እንጂ!» ብለው ሳቁ ዶክተሩ፤ ነገሩን የቁመት ጨዋታ አድርገው ወሰዱት።

ከደኑ ወዲያ፣ ከዛፉ በላይ የቤታቸው ጭስ ይታያል። አቶ ገነነ ዶሮዋን በማለዳ አርደዋል፤ እናቷ ከንጋት ጀምረው ሥራ ላይ ናቸው፤ ይህን ሥርጉት ሳይነግሯት ታውቃለች። አባቷ ወደ መኪናው መስኮት ቀረቡ።

«እንግዲህ ጉዞው ወደ ቡሬ ነው?» አሉ ዝግ ብለው።

ይህ የመጨረሻው በር ነበር። እሳቸው ከፍተውላታል፤ ቤት ጎራ በሉ እንኳ አላሉም፣ ለእሷ ትተውላታል።

«አዎ» አለች ሥርጉት። «ቡሬ ነው።»

«በሰላም ይግቡ» አሉ።

መኪናው ሲዞር በመስታወቱ አየቻቸው። ብስኩቱን ይዘው፣ ትንሽ እያነከሱ ወደ ጭሱ ይሄዳሉ።

ሆቴሉ ውስጥ ያዘዘችው ጥብስ ቀረበ። ዶክተሩ ወፉን ላላዩ ጓደኞቻቸው ሁሉ እየደወሉ ይፎክራሉ። በዚህ መካከል ስልኳ ጠራ፤ እናቷ ናቸው። ዘጋችው። ደግሞ ጠራ።

«እናትሽ እኮ ናቸው፣ አንሺው» አለች ያምሮት ስክሪኑን አይታ።

አነሣችው። ወይዘሮ ንግሥቴ በስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ነው የሚመስሉት፤ ድምፃቸው ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ተሰማ።

«ልጄ፣ መኪናው ተሠራላችሁ? አባትሽ መኪናው ተበላሽቶባቸው እየተንገዳገደ ወደ ቡሬ ሄዱ አለኝ። ከተሠራ ተመለሱ እንጂ፣ ወጡ አልቀዘቀዘም። አባትሽ እንደሁ ወንዙ ላይ ወድቆ ጉልበቱን ተልጦ መጥቷል፣ እህል አልቀመሰም። እኚያ ትልቅ ሰው ምን ይሉኝ? እቤታቸው ደጃፍ ደርሰን ጾማችንን ሸኙን አይሉም?»

«እማዬ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» አለች ሥርጉት።

ዶክተር ዓለምብርሃን የያዙትን እንጀራ ቀስ ብለው ትሪው ላይ መለሱት።

«ያ ሰውዬ አባትሽ ናቸው?»

«አዎ።»

«ገብረ ኢየሱስ?»

«የክርስትና ስማቸው ነው።»

ዶክተሩ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። «ዕቃዬን አሸክሜያቸዋለሁ» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «ሲወድቁ ወደ ዕቃዬ ነው የሮጥኩት። ብስኩት ሰጥቻቸዋለሁ፤ ለልጆችዎ ብዬ፤ አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «የእኔ አባት እረኛ ሆኖ አድጎ እረኛ ሆኖ ነው የሞተው። ይህን ብታውቂ ትነግሪኝ ነበር?»

ሥርጉት እሳቸውን ፈርታ አይደለም የደበቀችው። ማንን ፈርታ እንደሆነም አታውቀውም። ያምሮት ካሜራዋን አጥፍታ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

«ተነሡ፣ እንሂድ» አሉ ዶክተሩ። «ገብቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አይሆንም፣ ዶክተር፣ እባክዎ» አለች። «እናቴ ምንም አታውቅም። አሁን እርስዎ ገብተው ይቅርታ ሲጠይቁ ሁሉንም ታውቃለች።»

ዶክተሩ እጃቸውን ጠርገው ተነሡ። «እንግዲያው አንቺ ሂጂ። እኛ እንመለሳለን። ረግረጉ ይቅር፤ ዛሬ ሌላ ወፍ ማየት አልችልም።»

ባጃጅ ይዛ እስከ መገንጠያው ሄደች፤ ከዚያ በእግሯ። ስትገባ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እናቷ ወጡ ከሚበላሽ ብለው ጎረቤቱን ጠርተውበታል። ሲያዩዋት ዘለው ተነሡ፤ አንገቷን አቅፈው ሳሟት፤ «እንግዶችሽስ?» አሉ።

«አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ እንዳይመሽባቸው ብለው ሄዱ።»

«ይሁና፤ መኪና እንደሁ ነፍስ የለው። አንቺ ቁጭ በይ።» እንጀራ አቀረቡላትና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው ያቋረጡትን ወሬ ቀጠሉ። «ታዲያ ምን አላችሁ፣ ሰውዬው ዶክተር ናቸው፣ ግን ትሑት። ገነነን ከመካከላቸው አድርገው ነው ፎቶ የተነሡት። ‹እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደጉ ሰው› ብለው እጁን ስመውታል። ገነነ ነው የነገረኝ፤ እሱ መቼም ወሬ አይጨምርም።» አንዷ ጎረቤት እልል አለች። «እውነት እንዲያ አሉ፣ ሥርጉት?» አሏት አንድ ሽማግሌ።

ሁሉም አዩዋት። ሥርጉት መንገድ ለመንገድ እውነቱን ለእናቷ ልትናገር ወስና ነበር የመጣችው። አሁን ግን ብትናገር ቀለል የሚለው ለእሷ ብቻ እንደሆነ ገባት፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የሚዋረዱት አባቷ ናቸው፤ የእናቷም ቀን ይበላሻል።

«እንዲያ ብለዋል» አለች። ከዚያ እጇን ልትታጠብ ብላ ተነሥታ ወጣች።

አባቷን ከጓሮ አገኘቻቸው። ኮታቸውን አውልቀው ለከብቶቹ ሣር እያቀረቡ ነው። ስትመጣ አይተዋል፤ ሥራቸውን አላቆሙም። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል በክንዷ ያዟት።

«ተይ። ሰው ያያል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባዬ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ልጄ አይደለሽ?» ሣሩን ከበሬው ፊት አደረጉ። «ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት። እኔ ችዬዋለሁ። እሷ አትችለውም።»

«ለምን ዝም አሉ? እኔ ነኝ አባቷ ለምን አላሉም?»

አቶ ገነነ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እጃቸውን አራገፉ። «አንቺ ያላልሽውን እኔ ብናገረው እንግዳ ፊት መጣላት ይሆናል። ደግሞ ጠዋት ሳይሽ ጨንቆሽ ነበር። ልጄ ስትጨነቅ አልወድም።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ግን ነበረበት። ቀጥለውም «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ» አሉ። «ሌላ ጊዜ ወፍ ፈላጊ ስታመጪ ሌላ ሰው ፈልጊ። ደኑ የሚካኤል ነው፣ ማንም ይግባ፤ እኔ ግን አልመራም። እቤቴ እሆናለሁ። ልትገቡ ብትፈልጉ በሩ ክፍት ነው።»

«እሺ» አለች ሥርጉት።

«ስለ ጉልበቴም አታስቢ፤ ታጥቧል» አሉ ዓይኗ የት እንዳረፈ አይተው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቅዳሜ አለፈ። ዶክተሩ የወፉን ፎቶ ቡድኑ ውስጥ ሲለጥፉ ሁሉም ሥርጉትን አመሰገነ፤ እሷ ለማንም አልመለሰችም። ዶክተሩም ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሡባትም፤ ሰላምታቸው ግን አጠረ። ወደ ጉንድል ስትሄድ አባቷ ያው አባቷ ናቸው፤ ይስሟታል፣ ስለ ደመወዟና ስለ ጤናዋ ይጠይቋታል። ስለ ወፍ ግን አይጠይቁም። እሷም ባይኖኩላሯን ቡሬ ትታ ነው የምትሄደው።